የእትዬ ማሰራጫ ስኳር

አንድ ሕንጻ ሲሠራ መሐንዲሱ ውኃ ያስገባል፣ መብራት ያስገባል፣ የፍሳሽ መስመር ይዘረጋል። የወሬ መስመር ግን አያስገባም፤ እሷ በራሷ ጊዜ ትገባለች። የትኛውም ከተማ፣ የትኛውም ሰፈር ብትሄዱ ይህች ሴት የሌለችበት ደረጃ አታገኙም። ቤቷ የግድ ሰው ሁሉ በሚያልፍበት በኩል ነው። በሯ የግድ ገርበብ ያለ ነው። እናንተ የምትደርሱትም የግድ ልትዘጋው ስትል ነው። «ውይ፣ አንቺ ነሽ እንዴ?» ትላለች፤ ገና ከታች ስትነሡ በኮቴያችሁ አውቃችሁ ሳለ።

የዚህ ታሪክ ባለቤት የሆኑት ክብርት ወይዘሮ በሕንጻው ነዋሪ ዘንድ እትዬ ማሰራጫ ይባላሉ። ፊት ለፊት እትዬ ብቻ ነው የሚባሉት። ሕንጻው ውስጥ የማያውቁት አንድ ነገር ቢኖር ይህ ቅጽል ስማቸው ነው፤ እሱንም ቢሆን ሳያውቁት አይቀሩም። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የስልክ ኦፕሬተር ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ ደፍተው የአንዱን መስመር ከሌላው ሲያገናኙ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ መሥሪያ ቤቱ ማዳመጫውን ተረከባቸው እንጂ ሥራውን አላስጣላቸውም። ልጅ የላቸውም፤ ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል። ቤታቸው አንደኛ ፎቅ ላይ፣ ልክ ደረጃው በሚታጠፍበት ቦታ ነው። ሊፍቱ ከቆመ የሰነበተ ስለሆነ ሰው ሁሉ በእሳቸው በር ያልፋል።

የአሠራራቸው ረቂቅነት ሊደነቅ ይገባዋል። እሳቸው ወሬ አይነግሩም፤ ይጠይቃሉ። «ሰማሽ?» ይላሉ። «ምኑን?» ስትሏቸው ትንሽ ዝም ይላሉ፣ «አይ፣ ካልሰማሽስ ይቅር» ይሉና በሩን ሊዘጉ ይጀምራሉ። ሰው ሆኖ ከዚያ በር ላይ የተንቀሳቀሰ የለም። ከዚያ «እኔ ነገርኩሽ እንዳትዪ እንጂ…» ይመጣል፤ ነገሩ አለቀ። ሦስተኛ ፎቅ ያለው አስተማሪ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት መዛወሩን የሰማው ከሚስቱ ነው፣ ሚስቱ የሰማችው ከእትዬ ማሰራጫ ነው፣ ደብዳቤው የደረሰው በሳምንቱ ነው። አራተኛ ፎቅ የነበሩት እጮኛሞች ሲለያዩ እትዬ ማሰራጫ ከሁለቱም ቀድመው አዝነው ጨርሰው ነበር። የሕንጻው ጥበቃ እንኳ ማን እንደገባና ማን እንደወጣ ሲጠየቅ «አንዴ እትዬን ልጠይቅ» ይላል።

አንድ ነገር ግን ጠላታቸውም ይመሰክርላቸዋል። ውሸት አያወሩም። «ያልሆነ ነገር ከአፌ ወጥቶ ያውቃል?» ብለው ሲጠይቁ የሚመልስ የለም፤ ወጥቶ አያውቅማ። ሌላው ወሬኛ ሲጨምርበት እሳቸው ያጣራሉ፤ ያልተረጋገጠ ነገር ከሆነ «ይሄ ገና ነው» ብለው ያቆዩታል። ኩራታቸው ይህ ነበር። ሌላ ድክመታቸው ጣፋጭ ነው፤ ሻያቸው ላይ ስኳሩን ሲጨምሩ አጠገባቸው የተቀመጠ ሰው ጥርሱን ያመዋል።

መነጽር ሠሪዋ አምስተኛ ፎቅ ነው የምትኖረው። ሌንስ ቆርጣና ሞርዳ ከፍሬም ጋር የምታገጣጥም፣ እጇ የማይንቀጠቀጥ፣ ንግግሯ ቁጥብ ሴት ናት። ባሏ ሊፍት ጠጋኝ ነው። የከተማውን ሊፍት ሁሉ ሲያወጣና ሲያወርድ ይውልና ማታ አምስት ፎቅ በእግሩ ይወጣል፤ የራሱ ሕንጻ ሊፍት ውሉ የሌላ ድርጅት ስለሆነ እጁን ማስገባት አይፈቀድለትም። ከተጋቡ ዓመታት አልፈዋል። ልጅ አልመጣም።

የወር አበባዋ ከልጅነቷ ጀምሮ እንዳሻው ነበር። ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ወራት ይቀራል። እናቷ «የእኔም እንደዚያው ነበር» ብላ ስላለፈችው እሷም አለፈችው። አገጯ ላይ ብቅ የሚለውን ፀጉር ደንበኛ ሳይገባ በሱቁ ማጉሊያ ሥር ትነቅለዋለች። በመጨረሻ ከባሏ ጋር ተያይዘው ሐኪም ዘንድ ሄዱ። ሐኪሟ ነገር የማታበዛ ሴት ነበረች። ደም አስመረመረች፣ አልትራሳውንድ አነሣች፣ ባልየውንም አስመረመረች፤ የእሱ ደህና ነው ተባለ፤ እሱም ሳምንቱን ሙሉ ደረቱን ነፍቶ ዋለ። ከዚያ ሐኪሟ ስክሪኑን አዙራ አሳየቻት። ትንንሽ ጥቋቁር ክቦች ጠርዝ ጠርዙን ተደርድረዋል። መነጽር ሠሪዋ ሌንስ ውስጥ ተይዞ የቀረ አየር መሰላት። እንደዚያ ያለ ሌንስ ሲገጥማት ለአምጪው ትመልሳለች።

«ፒ ሲ ኦ ኤስ ይባላል» አለች ሐኪሟ። «መካን ነሽ ማለት አይደለም። እንቁላል አላነሰሽም፣ እንዲያውም ብዙ አለሽ። ማደግ ይጀምሩና ሁሉም ግማሽ መንገድ ላይ ይቆማሉ፤ በስሎ የሚወጣ የለም። የእኛ ሥራ አንዱን ቀስቅሶ እስከ መጨረሻው ማድረስ ነው።»

ሥራው በክኒን ተጀመረ። ስኳርና ዳቦ ቀንሺ፣ በእግርሽ ሂጂ ተባለች፤ እሱን አምስተኛ ፎቅ ለሚኖር ሰው መንገር አያስፈልግም። ክኒኑን በየወሩ ዋጠች፣ በየወሩ ታየች። ስክሪኑ ላይ ያሉት ክቦች እንደነበሩ ናቸው። መጠኑ ተጨመረ፤ አሁንም እንደነበሩ ናቸው። «ሰውነትሽ ክኒኑን አልሰማውም» አለች ሐኪሟ፣ ስለ ሌላ ሰው ሰውነት እንደምታወራ ሁሉ። ቀጣዩ መርፌ ነው። ማታ ማታ ራሷ ሆዷ ላይ ትወጋዋለች። በትንሹ ይጀመራል፣ በየጥቂት ቀኑ በአልትራሳውንድ ይታያል፤ ምክንያቱም እንደ እሷ ያለች ሴት ላይ መድኃኒቱ ከበዛ ብዙዎቹ ባንዴ ይነሡና ሌላ ጣጣ ይመጣል። መድኃኒቱ ደግሞ ከፍሪጅ መውጣት የለበትም።

ይህን ሁሉ ከባሏ በቀር ለማንም አልተናገረችም። ከዓመት በፊት ለአንዲት የሥራ ባልደረባዋ ጫፉን ብቻ ነግራት ነበር። ሳምንት ሳይሞላ ሱቁ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ሐኪም ሆነ። አንዱ እረፍት አብዢ አላት፣ ሌላዋ እንቅስቃሴ አብዢ አለቻት፣ ሁሉም ተባብረው ደግሞ «አታስቢው፣ ማሰብ ስታቆሚ ይመጣል» አሏት። ከምክር ሁሉ የከበዳት ይኼ ነው። የባሏ እናት በበኩላቸው እሑድ እሑድ ይደውሉና «ምን አዲስ ነገር አለ?» ይላሉ፤ የጠየቁት ስለ አየሩ እንዳልሆነ ሦስቱም ያውቃሉ። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ወደ ክሊኒክ ስትሄድ እትዬ ማሰራጫን «ሥልጠና አለብኝ» ትላቸዋለች። እሳቸውም «ዕውቀት ጥሩ ነው» ይላሉ፣ ቦርሳዋን፣ ጫማዋንና ፊቷን አንድ በአንድ እያዩ።

መርፌው በተገዛ ሰሞን ፍሪጃቸው ማቃሰት ጀመረ። ሊፍት ጠጋኙ ይህን ያህል ሕንጻ የሚያንቀሳቅስ ሞተር እየነካ የዋለ ሰው የፍሪጅ ሞተር አያቅተውም ብሎ ከፈተው። ከዚያ በኋላ ፍሪጁ አላቃሰተም። ጨርሶ ዝም አለ። ባለሙያ ተጠርቶ አየው፣ ሊፍት ጠጋኙንም አየው፣ ዕቃው ከውጭ እስኪመጣ ብዙ ይቆያል አለ። አዲስ እንዳይገዙ ያላቸው ሁሉ ሕክምናው ላይ ነው። መድኃኒቱ በበረዶና በእርጥብ ፎጣ ተጠቅልሎ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ፤ በረዶው ዓይናቸው እያየ ይቀልጣል፤ ወቅቱ ደግሞ የሙቀት ነው።

ባልና ሚስት የሕንጻውን ፍሪጅ ሁሉ በሐሳብ ዞሩ። የአስተማሪው ቤት ልጆች በዝተው ፍሪጁ ቀኑን ሙሉ ክፍት ነው። ሁለተኛ ፎቅ ያለችው ነርስ ሳጥኑን ባየችበት ቅጽበት ምን እንደሆነ ታውቃለች። አራተኛ ፎቅ ሰው የለም። እነሱን ትተው ሲወርዱ፣ ሲወርዱ አንድ ፍሪጅ ብቻ ቀረ፤ ባለቤቱ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ በሩ እምብዛም የማይከፈት፣ ሁልጊዜ የሚሠራ ፍሪጅ።

«ለእሳቸው ከምንሰጥ ጋዜጣ ላይ ብናወጣው አይሻልም?» አለ ባሏ። «ጋዜጣ እንኳ የማያነብ ሰው አለ።»

እሷ ግን የሚቀልጠውን በረዶ አየችና ፌስታሉን አንሥታ ወረደች። እትዬ ማሰራጫ በራቸውን ሊዘጉ ሲሉ ደረሰች።

ፍሪጃችን ተበላሽቶ ነው፣ መድኃኒት ነው፣ ለጥቂት ጊዜ ቢያስቀምጡልኝ አለቻቸው። እትዬ ፌስታሉን ተቀበሉ። በእጃቸው አልመዘኑትም፣ ወደ ብርሃንም ከፍ አላደረጉትም። ከፍሪጁ መሀል መደርደሪያ ላይ የማርማላታውን ብልቃጥና የተጀመረ ቸኮላት ገፋ አድርገው አኖሩት። ከዚያ ዞር ብለው «የምን መድኃኒት ነው አልልሽም» አሉ።

እንዲህ ያለ ዐረፍተ ነገር ከዚያ በር ውስጥ ተሰምቶ አያውቅም። መነጽር ሠሪዋ ፈራች። አለመጠየቃቸው ከመጠየቃቸው የባሰ ነው፤ ካልነገረቻቸው ራሳቸው ያጣራሉ፣ እስኪያጣሩ ደግሞ ሕንጻው በሙሉ ይጠየቃል። ቁጭ አለችና ነገረቻቸው። ስለ ክቦቹ፣ ስላልሰማው ክኒን፣ ስለ መርፌው፣ ሥልጠና ስላለችው ነገር። እንባ አልመጣባትም፤ ለደንበኛ የሌንስ ቁጥር እንደምታስረዳ አስረዳቻቸው።

«ከሆነ ራሴ መጥቼ እነግርዎታለሁ» አለች በመጨረሻ። «ካልሆነ ግን ደረጃ ላይ መጽናናት አልፈልግም፣ እትዬ። በየፎቁ እየቆምኩ አይዞሽ መባል አልችልም። እባክዎ።»

«ያማል?» አሉ እትዬ።

«መርፌው? ትንሽ ነው።»

«መርፌውን እንኳ አላልኩም» አሉና ነገሩን ተዉት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ ማታ ከሥራ ስትመለስ አንደኛ ፎቅ ገባ ትላለች፣ መርፌውን ይዛ ትወጣለች፣ ተወግታ ትመልሰዋለች። የመጀመሪያው ቀን ባሏ መመሪያውን ጮክ ብሎ ሲያነብላት አንዱን መስመር ሁለቴ ይደግም ስለነበር ወረቀቱን ተቀብላ ራሷ አነበበችው። ከሁለት ቀን በኋላ እንደ ጥርስ መቦረሽ ሆነ። ያልለመደችው ጆሮዋን አቁማ መውጣትና መውረዱን ነው። ዛሬ ይፈነዳል፣ ነገ ይፈነዳል ትላለች።

ፈነዳ። መጀመሪያ የአስተማሪው ሚስት ደረጃው ላይ አገኘቻትና ትከሻዋን ያዝ አድርጋ «በርቺ፣ እግዜር ዋጋሽን አያስቀርብሽ» አለቻት። በማግስቱ ጥበቃው ቆቡን አንሥቶ «እንዲህ ያለ ልብ ነው የሚያስፈልገው» አላት። ነርሷ ደግሞ በሹክሹክታ «መርፌው ካስቸገረሽ እኔ አለሁ» አለቻት። መነጽር ሠሪዋ ፊቷ እሳት ሆነ። ቤቷ ገብታ ቦርሳዋን ወረወረችና ለባሏ ከዚህ ሕንጻ እንለቃለን አለችው። «ሁሉም ያውቃል። ሆዴ ላይ የምወጋው መርፌ የደረጃ ሰላምታ ሆኗል» አለች። ባሏ ነግሬሽ ነበር ሊል አፉን ከፈተና ፊቷን አይቶ መልሶ ዘጋው። እሷ ግን ደሟ እንደፈላ፣ ያዘጋጀችውን ንግግር እየደጋገመች፣ እስከ አንደኛ ፎቅ ወረደች።

የእትዬ ማሰራጫ ቤት ሰው በሰው ሆኗል። ጠረጴዛው ላይ ብርቱካን ተቆልሏል። የአስተማሪው ሚስት ስለ እግር ንጽሕና ትመክራለች፤ ጠባብ ጫማ እንዳያደርጉ፣ ጥፍር ሲቆርጡ እንዲጠነቀቁ። ነርሷ የደም መለኪያዋን ይዛ «አንዴ ጣትዎን ልውጋዎት» እያለች ትለምናለች። በመሀል እትዬ ማሰራጫ ብርድ ልብስ እግራቸው ላይ ጣል አድርገው፣ ስኳር የሌለው ሻይ እንደ መራራ መድኃኒት እየተጎነጩ፣ የታመመ ሰው ፊት ይዘው ተቀምጠዋል።

«የእኔን ደም የማየው እኔና ሐኪሜ ብቻ ነን» ይላሉ ነርሷን። ከዚያ መነጽር ሠሪዋን በር ላይ ሲያዩ ለእንግዶቹ አመለከቱ። «ይኸውላችሁ፣ ስኳር በሽታ ከያዘኝ ወዲህ ማታ ማታ እየመጣች የምትወጋኝ እሷ ናት። እጇ አይንቀጠቀጥማ።»

መነጽር ሠሪዋ ያዘጋጀችውን ንግግር ተወችው። እንግዶቹ እስኪወጡ ብርቱካን እየላጠች ተቀመጠች። ነገሩ የሆነው እንዲህ ነው። የጥበቃው ሚስት ወተቷን ልታስቀምጥ ፍሪጁን ከፍታ መርፌዎቹን አየችና የማን ናቸው ብላ ጠየቀች። እትዬ ማሰራጫም ዓይናቸውን ሳያሹ «የእኔ ናቸው» አሉ። «ስኳር ይዞኛል። እኔ ነገርኩሽ እንዳትዪ።» ፀሐይ ሳትጠልቅ ወሬው አምስቱንም ፎቅ አዳረሰ።

«ዝም ማለት አይቻልም ነበር?» አለች መነጽር ሠሪዋ ብቻቸውን ሲቀሩ።

«እኔ?» አሉ እትዬ። «እኔ ዝም ካልኩ ምን ሆነው ነው ብለው ሕንጻውን ይገለብጡታል። ሌላው ሰው ዝም ሲል ዝምታ ነው፤ የእኔ ዝምታ ወሬ ነው። አንድ ነገር መስጠት ነበረብኝ።» ብርቱካኗን ተቀብለው ትንሽ አሰቡ። «ደግሞስ ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ስልክ ሳገናኝ ስንቱን ሰማሁ መሰለሽ። የማን ባል የት እንደደወለ፣ ማን ለማን እንዳለቀሰ። አንድ ቃል ወጥቶኝ አያውቅም። አሁን የማወራው የሚወራውን ነው።»

መነጽር ሠሪዋ በዚያች ማታ ደረጃውን ስትወጣ በየበሩ እያለፈች አሰበች። እትዬ ማሰራጫ የሚያወሩትን ሁላችንም እናውቃለን። የማያወሩትን ግን ማንም አስቦት አያውቅም፤ ከእያንዳንዱ በር ጀርባ ስንት እንደ እሷ ያለ ነገር አንደኛ ፎቅ ተቀምጦ ይሆን? ስለ ዛቻዋ አፈረች፣ ወደደቻቸውም፤ ለባሏ አንለቅም አለችው።

ክሊኒኩ ውስጥ ከክቦቹ አንዱ ማደግ ጀመረ። ሐኪሟ በየጊዜው ስትለካው ቁጥሩ ከፍ ይላል፤ ሌሎቹ እንደተኙ ናቸው። «የምንፈልገው ይህን ነው» አለች። በስሎ ሲጨርስ የሚያስወጣው መርፌ ተሰጣት፤ ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ከሕክምናው ሁሉ መድኃኒት የሌለው ክፍል መጠበቁ ነው። ሊፍት ጠጋኙ በእነዚያ ቀናት የቤቱን ማጠፊያ ሁሉ ዘይት ቀባ፤ በር ሲከፈት ድምፅ የሚባል ጠፋ።

አልሆነም። የወር አበባዋ፣ ዕድሜ ልኩን ቀጠሮ አክብሮ የማያውቀው፣ የዚያን ጊዜ በቀኑ መጣ። መታጠቢያ ቤት ገብታ አለቀሰች፣ ፊቷን ታጠበች፣ ሥራ ሄደች፣ ሌንስ ቆረጠች። ደረጃው ላይ ያገኛት ሰው ሁሉ ስለ እትዬ ጤና ጠየቃት፤ ስለ እሷ የጠየቀ ማንም የለም። የፈለገችው ልክ ይህን ነበር።

ማታ እትዬ ዘንድ ስትገባ እሳቸው «ስኳር ይዞኛል» ካሉ ወዲህ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ሰቅለውት የነበረውን የስኳር ጣሳ የምሥራች ይመጣል ብለው አውርደው ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠውታል። ፊቷን አዩ።

«ሌላ ዙር?»

«ሌላ ዙር» አለች።

አይዞሽ አላሏትም። ወንበር ስበው ወጡ፣ ጣሳውን መልሰው ሰቀሉት፣ ጉልበታቸውን እያሹ ወረዱ። ሁለት ሻይ ቀዱ። ሁለቱም ስኳር የተከለከሉ ናቸው፤ አንዷ በሐኪም፣ ሌላዋ በራሷ አፍ። «ይሄ እኮ ትኩስ ውኃ ነው» አሉ እትዬ፣ ግን እስከ መጨረሻው ጠጡት።

በሁለተኛው ዙር መድኃኒቱ ትንሽ ተጨመረ። እትዬ ማሰራጫ በሽታቸውን በትጋት ያዙት። የአስተማሪው ልጅ ልደት ላይ ኬክ ሲዞር እጃቸውን አጣጥፈው ግድግዳ አዩ። ጥበቃው ደረቅ ብስኩት ሲያመጣላቸው አመስግነው በሉ። አንድ ማታ መነጽር ሠሪዋ ስትገባ ፍሪጁን ከፍተው ቸኮላቱን ሲያዩት አገኘቻቸው፤ «መርፌሽ በረደ ወይ ብዬ ነው» አሉ።

ከዚያ ሆነ። መጀመሪያ የሽንት ምርመራው፣ ቀጥሎ የደሙ። ሐኪሟ እንኳን ደስ አለሽ ካለች በኋላ ወዲያው ገና ነው፣ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት እንይ አለች። መነጽር ሠሪዋ አንደኛ ፎቅ ገብታ በሩን ከኋላዋ ዘጋች። «ሆኗል፣ ግን ገና ነው» አለች። እትዬ ማሰራጫ አንገቷ ላይ ተጠመጠሙባትና «ይሄ ገና ነው» አሉ፣ ያልተጣራ ወሬ ሲያቆዩ እንደሚሉት። ከዚያ ጣሳውን አወረዱ።

ጣሳው ግን ከጊዜው ቀድሞ ወረደ። ሰሞኑን የሕንጻው ነዋሪ ስለ ሊፍቱ ሊነጋገር ግቢ ውስጥ ተሰብስቦ ነበር። ሻይ ቀረበ። እትዬ ማሰራጫ ስለ ሊፍቱ ድርጅት የሚያውቁትን በሰፊው እያስረዱ፣ እጃቸው በገዛ ልማዱ ስኳሩን ይዝቃል፣ ይጨምራል፣ ይዝቃል። የአስተማሪው ሚስት አፏን በእጇ ያዘች። እትዬ ብርጭቆውን አዩትና «ተሽሎኛል» አሉ።

«ይሄ እኮ የሚሻል በሽታ አይደለም፣ እትዬ» አለች ነርሷ፣ ክፉ ሳታስብ። «የሚወስዱት ኢንሱሊን የትኛው ነበር?»

የሰው ሁሉ ስም፣ ዘርና የሥራ ቦታ ከነአድራሻው የሚያውቁት ሴት የመድኃኒታቸውን ስም አላወቁም። መነጽር ሠሪዋ ተነሣች። አፏን ልትከፍት ስትል እትዬ ማሰራጫ ከወዲያ ጥግ አዩዋትና ጭንቅላታቸውን በጣም በትንሹ ነቀነቁ። ባሏ እጇን ያዘ። ተቀመጠች።

እጅ ከፍንጅ የተያዘ ሰው ይቅርታ የለውም። ሰው አብልጦ የተቀየማቸው ከልቡ አዝኖላቸው ስለነበር ነው። ብርቱካን አምሯቸው ነው አሉ፣ ሰው እንዲሰበሰብላቸው ነው አሉ፣ ብቸኝነት ነው አሉ። ከዚያ ወዲያ እትዬ ማሰራጫ «ሰማሽ?» ሲሉ «አልሰማሁም፣ ይቅርብኝ» እየተባሉ ይታለፋሉ። ጥበቃው ራሱ ማን እንደገባ በደብተር መጻፍ ጀመረ። ያ ገርበብ ያለ በር ተዘጋ። አንዲት ዐረፍተ ነገር ብትወጣቸው ክብራቸው ሙሉ በሙሉ ይመለስ ነበር፤ ምን እንደሆነች የሚያውቁት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው። አልወጣችም። መነጽር ሠሪዋ በዚያ በተዘጋ በር ባለፈች ቁጥር ሆን ብላ ኮቴዋን ታሰማ ነበር።

ሦስቱ ወራት አለፉ። ሐኪሟ የልጁን የልብ ትርታ አሰማቻት፣ አሁን ለፈለግሽው ንገሪ አለች። መነጽር ሠሪዋ ለባሏ እናት እንኳ ሳትደውል የእትዬን በር አንኳኳች። «ይኸው» አለቻቸው፣ «አሁን የእርስዎ ነው። ለሁሉም ያውሩት።»

እትዬ ማሰራጫ ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ካወሩት ወሬ ሁሉ ትልቁን፣ የተጣራውን፣ ከባለቤቱ አፍ የሰሙትን ይዘው። ሻዩ ሳይበርድ ተመለሱና ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ።

«አላመኑኝም» አሉ። «እንደ ስኳርዎ ነው ወይ አሉኝ።» ድምፃቸው ተሰበረ፤ ሲሰበር ሰምታው አታውቅም ነበር።

መነጽር ሠሪዋ ተነሣች። ሐኪሟ ደረጃ ቀስ ብለሽ ውጪ ብላታለች፤ ቀስ ብላ እስከ አምስተኛ ፎቅ ወጣች፣ ከዚያ ከላይ ጀምራ በር በሩን እያንኳኳች ወረደች። በሕይወቷ ሙሉ ደረጃ ላይ ከሰላምታ ያለፈ ቃል ያልተናገረችው ሴት «ሰማሽ?» ትላለች። «እርጉዝ ነኝ። ብዙ ታክሜ ነው። ያ መርፌ የእኔ ነበር፤ እትዬ ለእኔ ብለው ነው ስኳር የታመሙት። ሌላ ሰው ከጠየቀሽ እትዬ ነገሩኝ በዪ።» የአስተማሪው ሚስት በሯ ላይ ቆማ አለቀሰች። ነርሷ ጭንቅላቷን ያዘች። ጥበቃው ደብተሩን ዘጋ። ሁሉም አይዞሽ አሏት፣ እንኳን ደስ አለሽ አሏት፣ እዚያው ደረጃው ላይ፤ እሷም ቆማ ሰማቻቸው።

አንደኛ ፎቅ ስትደርስ እትዬ ማሰራጫ ሁሉንም ሰምተው ጨርሰው በር ላይ ቆመዋል። ዓይናቸው ቀልቷል፤ ፊታቸው ላይ ግን ሥራው በጀማሪ እጅ ሲበላሽ ያየ ባለሙያ ቅሬታ አለ።

«እንደዚያ አይነገርም፣ ልጄ» አሉ። «ሰማሽ ካልሽ በኋላ ትንሽ ዝም ማለት ነበረብሽ።»

ሻይ እንድትጠጣ አስገቧትና በሩን ገርበብ አድርገው ተዉት።